ከቀብር በፊት የሚደረግ መረዳዳት፦ ስለ ነፍሰ ጡር እናት ጤናና ስለ እንግዴ ልጅ
(በእንፍራንዝ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተደረገው ንግግር)



የገቢና የወጪው ሒሳብ ተሰምቷል፤ የድንኳኑና የዕቃው ነገርም ተነግሯል። የቀረችውን ጥቂት ጊዜ እኛ የኮሚቴው አባላት ስለ አንድ ሌላ ጉዳይ እንድንናገርባት ፈቅዳችሁልናል። ጉዳዩም የነፍሰ ጡር እናት ጤና፣ እንግዴ ልጅና የሚወለደው ሕፃን ነገር ነው።

«እድር ለቀብር ነው፤ ከእርግዝና ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ሁለት መልስ አለን።

አንደኛ፣ ሰው አገሩን ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። እትብቱና እንግዴ ልጁ የሚቀበሩት በየጓሯችን ነው። እንግዲህ ለእያንዳንዳችን የመጀመሪያው ጉድጓድ የተማሰው በተወለድንበት ዕለት ነው ማለት ነው። እድር የሚደርሰው ለመጨረሻው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዕድሜ ጤነኛ ወይም በሽተኛ እንዲሆን ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ፣ ያ በጓሮ የተቀበረው ሥጋ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሥራውን እንዴት እንደሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ በእድር መዝገብ የማይገባ ሞት አለ። ሞቶ የተወለደ ሕፃን፣ ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን፣ በልማዳችን ድንኳን አይተከልለትም፤ ጥሩምባም አይነፋለትም። ሁለት ሦስት ሰው ይዞት ይሄድና ይመለሳል። እናቲቱ አራስ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ታለቅሳለች። ይህ ሞት ስለማይቆጠር ብዙ ጊዜ ምክንያቱም አይጠየቅም። ዛሬ መጠየቅ የምንፈልገው እርሱን ነው።

1. እንግዴ ልጅ ምን ይሠራል?

ሁላችንም እንግዴ ልጅን የምናውቀው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ተከትሎ ሲወጣ ነው። «ወጣ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ወጣ» ሲባል እልል ይባላል፤ ከዚያ ይቀበራል። ከዚያ በፊት ስለሠራው ሥራ ግን ብዙም አይነገርም።

ጽንሱ ከተፈጠረ በሳምንት ገደማ ከማሕፀኑ ግድግዳ ይጣበቃል። ከዚያች ጊዜ ጀምሮ ከጽንሱ በኩል ቀጫጭን ሥራ ሥሮች እየወጡ ወደ ማሕፀኑ ይገባሉ። ችግኝ መሬት ሲይዝ እንደሚያደርገው ማለት ነው። እነዚያ ሥሮች ተሰባስበው እንግዴ ልጅ ይሆናሉ። የእናቲቱ የደም ሥሮችም በበኩላቸው እየሰፉ ደም ያመጡለታል። ይህ የመስፋት ሥራ በአብዛኛው የሚያልቀው እስከ አምስተኛው ወር ነው። መሠረቱ የሚጣለው ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ አንዳንዴም እናቲቱ ራሷ ማርገዟን በቅጡ ሳታውቅ ነው።

እንግዴ ልጁ በመውለጃው ጊዜ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስፋቱ እንደ ትንሽ ሰፌድ ነው። በውስጡ ያሉት ሥራ ሥሮች ግን አንድ በአንድ ተዘርግተው ቢለኩ ከ10 ካሬ ሜትር ይበልጣሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር የበለጠ የእናት ደም ይደርሰዋል። የእናትና የልጅ ደም ግን በተለምዶ አይቀላቀልም፤ በመካከላቸው ስስ ግድግዳ አለ። በዚያ ግድግዳ በኩል ምግብና ንጹሕ አየር ወደ ልጁ ይገባል፤ ቆሻሻው ወደ እናቱ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ እንግዴ ልጅ ለሕፃኑ ሳንባውም፣ ጨጓራውም፣ ኩላሊቱም ነው።

ሌላም ስጦታ ያሳልፋል። እናት በበሽታ ላይ ያላት የመከላከል ኃይል በእርሱ በኩል ለልጅ ይተላለፋል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሕፃኑን የሚያድነው በዚህ መንገድ ነው። በዱሮው ጊዜ እትብት በአገኙት ምላጭ ተቆርጦ፣ ቅቤ ወይም እበት ተቀብቶ፣ በሳምንቱ ሕፃኑ አፉ ተዘግቶና ሰውነቱ ተገትሮ ይሞት ነበር። ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በክትባቱና በንጹሕ አዋላጅነት ምክንያት አገራችን በ2009 ዓ.ም. ይህን በሽታ የሕዝብ ጤና ጠንቅ ከመሆን ደረጃ ማውረዷ ተረጋግጧል። ክትባቱ ከቆመ ግን በሽታው ይመለሳል።

2. እንግዴ ልጅን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ገበሬው እንደሚያውቀው ዘር ጥሩ ቢሆን እንኳ ማሳው ካልታረሰና ካልለሰለሰ አያፈራም። የእናት ጤናም እንደዚሁ ነው። ዋና ዋናዎቹን ብቻ እንጥቀስ።

ሀ. የምግብ ማነስና የደም ማነስ። በአገራችን ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይበረታባታል የሚል ፍርሃት አለ። ወተት፣ እርጎና ሙዝ ከልጁ ገላ ላይ ይለጠፋሉም ይባላል። ሕፃኑ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ተፈጥሮ የሰጠው የቆዳ መሸፈኛ እንጂ እናቱ የበላችው አይደለም። ምግብ መቀነስም ምጥን አያቀልም፤ ልጁን ያቀጭጫል፣ እናቲቱን ያደክማል። ነፍሰ ጡር ከወትሮው በቀን አንድ ጊዜ ጨምራ መብላት ይገባታል። እርሱም ውድ ነገር መሆን የለበትም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሽንብራው፣ ጎመኑ፣ ሲገኝም እንቁላሉና ከጣና የሚመጣው ዓሣ ከገበያችን የሚጠፋ አይደለም። በጤና ጣቢያ የሚሰጠውም የብረት ማዕድን ኪኒን ሆድ ሲያጉረበርብ የሚጣል ሳይሆን ቢያንስ ለ90 ቀን የሚዋጥ ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የምግቡ ብረት በሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ ትንሽ ቆይቶ ቢጠጣ ይሻላል።

በዚሁ አንጻር ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ማንሣት ይገባል። የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ነው። ይህ ቪታሚን ያነሳት እናት ልጇ ጀርባው ክፍት ሆኖ ሊወለድባት ይችላል። ኪኒኑ ከማርገዝ በፊት ቢጀመር ይመረጣል የሚባለው ስለዚህ ነው። ጨውም ቢሆን አዮዲን ያለው ይሁን። እንቅርት በደጋው አገር ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው፤ ለጽንሱ ደግሞ የአዮዲን ማነስ የአእምሮ ዕድገትን ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. ለገበያ የሚቀርብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጥቷል። ይህ ጨው ከፀሐይ ተከልሎ፣ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻው ይጨመር።

የጾምን ነገር ዝም ብለን አናልፈውም። ጾም የሃይማኖታችን ነውና ማንም አይነቅፈውም። ዳሩ ግን ብዙ እናቶች ካህኑ ሳያስገድዳቸው፣ በሰው ዓይን ተሳቀው፣ እስከ መውለጃቸው ድረስ ይጾማሉ። ነፍሰ ጡሯ ነገሩን ለንስሐ አባቷ ትግለጽ፤ ለእርጉዝና ለአራስ የሚፈቅዱ አባቶች ብዙ ናቸው። እስላም እኅቶቻችንም ለራሳቸው ወይም ለልጃቸው ከፈሩ ረመዳንን አፍጥረው በሌላ ጊዜ እንዲክሱ ሃይማኖታቸው መንገድ ሰጥቷቸዋል። የሚያስቸግረው ሃይማኖቱ ሳይሆን የጎረቤት አፍ ነው። ያን ደግሞ መግታት የኛ የጎረቤቶች ፈንታ ነው።

ለ. ወባ። ከላያችን ጉዛራ፣ ከታችን ጣና ነው። የሐይቁ ዳር ሜዳ ወባ የሚያውቀው አገር ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺሕ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ የሚያደርገው ግን ከሌላው የተለየ ነው። ተውሳኩ የገባበት የደም ሕዋስ ከእንግዴ ልጁ ላይ እየተለጠፈ እዚያ ይደበቃል። የምግቡን መተላለፊያ ያጨናንቃል። ሴትዮዋ ትንሽ ትኩሳት ብቻ ተሰምቷት ሳለ ልጁ ሊጫጭ፣ ሊያስወርዳት ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ አጎበር ብቻ ካለ የሚገባው ለነፍሰ ጡሯና ለሕፃናት ነው። ክረምቱ ወጥቶ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሠጋል፤ በዚያን ጊዜ ትኩሳት የተሰማት ነፍሰ ጡር ሳታድር ደሟን ትመርመር።

ሐ. የእርግዝና የደም ግፊት። ቀደም ብለን የእናቲቱ የደም ሥሮች ይሰፋሉ ብለናል። በአንዳንዷ ላይ በደንብ ሳይሰፉ ይቀራሉ። እንግዴ ልጁ ደም ያንሰዋል፤ ከዚያም የእናቲቱን አካል በሙሉ የሚያውክ ነገር ይለቃል። ምልክቱም ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከጡት በታች ከሆድ በላይ የሚሰማ ሕመም ነው። ሳይታይ ከቆየ አንቀጥቅጦ ይጥላታል። ሰው ይህን ሲያይ «ልክፍት ነው» ይላል። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ ግን የምታንቀጠቅጥ ነፍሰ ጡር ጠበሉም ጸሎቱም በሐኪም ቤት ሆና ይድረሳት። ሰዓቱ ካለፈ ሁለት ነፍስ ይጠፋል። የሚያሳዝነው፣ ሕመሙ ቀድሞ የሚታወቀው ክንድ ላይ በሚታሰር የግፊት መለኪያና በሽንት ምርመራ መሆኑ ነው።

መ. በደም የሚተላለፍ በሽታ። ቂጥኝና ኤች.አይ.ቪ. ከእናት ወደ ጽንስ ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ቂጥኙ በመርፌ ይድናል፤ ኤች.አይ.ቪ. ያለባት እናትም መድኃኒቷን በጊዜ ከጀመረችና በሥርዓት ከወሰደች ልጇን ነጻ አድርጋ ልትወልድ ትችላለች። ባልም አብሮ ይመርመር፤ የእርሷ መታከም ብቻውን አይበቃም።

ሠ. ልጅነት፣ ድካምና ጭስ። በልጅነቷ የተዳረች ልጅ ራሷ አድጋ አልጨረሰችም፤ የበላችውን ከጽንሷ ጋር ትሻማበታለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደጋግሞ መውለድም የሰውነትን ጎተራ ያራቁታል። እንስራና የእንጨት ሸክም፣ ቀኑን ሙሉ በጭስ ቤት መዋል፣ አረቄና ሲጋራም እንዲሁ ልጁን ይጎዱታል።

በመጨረሻም እንግዴ ልጁ ራሱ ሥራውን ጨርሶ አልወጣም ያለ እንደሆነ እናቲቱን በደም ሊገድላት ይችላል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ መጠበቅ አይገባም፤ እትብቱንም መጎተት ክልክል ነው። በሐኪም ቤት የምትወልድ እናት ሕፃኑ እንደወጣ ማሕፀኗን የሚያኮማትር መርፌ ስለምትወጋ ይህ አደጋ በጣም ይቀንስላታል።

3. ጉዳቱ እስከ መቼ ይዘልቃል?

ሕፃኑ ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች ሆኖ ሲወለድ «ያድጋል፣ ይወፍራል» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙው ያድጋል። ነገር ግን በማሕፀን የደረሰበት ችጋር በሰውነቱ ላይ ምልክት ሊተው እንደሚችል ዛሬ ታውቋል።

በሆላንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ጀርመኖች ምግብ እንዳይገባ ስለከለከሉ ከተሜው በብርቱ ተራበ። ረኃቡ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ በጦርነቱ ፍጻሜ አበቃ። ያኔ በማሕፀን የነበሩት ሕፃናት አድገው ሲመረመሩ፣ እናቶቻቸው በእርግዝናቸው መጀመሪያ የተራቡባቸው ሰዎች ሲወለዱ ክብደታቸው ደኅና ሆኖ ሳለ በጎልማሳነታቸው የልብ ሕመም ይበዛባቸው ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ሚዛኑ ደኅና ቢያሳይም የመጀመሪያዎቹ ወራት ጉዳት ተደብቆ ሊኖር እንደሚችል ነው።

በእንግሊዝ አገርም በኸርትፎርድሺር አውራጃ አዋላጅ ነርሶች እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የተወለደውን ሕፃን ሁሉ እየመዘኑ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ዶክተር ዴቪድ ባርከርና ጓደኞቻቸው ያን አሮጌ መዝገብ አግኝተው፣ ከ5,600 በላይ ወንዶች እንዴት እንደኖሩና እንደሞቱ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ውጤት፣ ሲወለዱና በአንድ ዓመታቸው ቀላል ከነበሩት መካከል በልብ በሽታ የሞቱት እንደሚበዙ አሳየ። የነዚያ ነርሶች ብዕር ከስንት ዘመን በኋላ ፍሬ ሰጠ። መዝገብ መያዝን የሚያውቅ እድር ይህን ሲሰማ ሊደነቅ ይገባዋል።

ወደኛ ስንመለስ፣ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ በማሕፀን የነበሩት ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ዘመን የተወለዳችሁ የደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን በየጊዜው ብትታዩ መልካም ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 37ቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 41ዱ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር ከማሕፀን ይጀምራል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከክልላችን ከተማ ነው።

ደግሞም ሴት ልጅ በእናቷ ማሕፀን ሳለች፣ ወደፊት ልጆቿ የሚሆኑት ዕንቁላሎች በውስጧ ይፈጠራሉ። ስለዚህ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ልጅ ባረገዘች ጊዜ የልጅ ልጇንም መጀመሪያ ተሸክማለች። አንድ ሳህን ምግብ ስንሰጣት ለሦስት ትውልድ ሰጠን ማለት ነው።

4. የተሠራውና የቀረው

ያለፈውን ሥራ አንዘነጋም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደየአገሩ ላከ። ኮሌጁ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መመደብ ጀመሩ። በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት በ100 ሺሕ ወሊድ ይሞቱ የነበሩት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 ሲሆኑ በ2008 ዓ.ም. 412 ሆነዋል። በጤና ተቋም የወለዱትም በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ደረሱ።

ይሁን እንጂ በዚያው በ2011 ዓ.ም. ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከመቶ 28 ብቻ ነበሩ። እንግዴ ልጁ መሠረቱን የሚጥለው በነዚያ ወራት ነው ብለናል። እንግዲህ አብዛኛዋ እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ቤቱ ከተሠራ በኋላ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል፤ «ሳይታወቅ አይወራም» የሚል ይሉኝታና የቡዳ ፍርሃት፣ የቤት ሥራ ብዛት፣ የመንገድ ርቀት፣ ባልም «ሳትታመም ምን ልትሆን ነው?» ማለቱ ናቸው።

5. እድራችን ምን ያድርግ?

ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ሀ. ወሯ ያለፈባት ሴት ሦስት ወር ሳይሞላት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንድትሄድ፣ በየመንደሩ ሁለት የታመኑ እናቶች ይመረጡ። ሥራቸው መምከርና አብሮ መሄድ ነው። ምሥጢር መጠበቅ ግዴታቸው ይሁን።

ለ. በየመንደሩ አንድ ቃሬዛና ለትራንስፖርት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይቀመጥ። መንገድ ሲዘጋ ወይም አምቡላንስ ሲጠፋ፣ ለቀብር የሚጠራው ጥሩምባ ምጥ ለጠናባት ሴት ተሸካሚ ይጥራ። ቤቷ ከመንገድ የራቀባት እናት ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያ አጠገብ ማረፊያ ብታገኝ የተሻለ ነው። በጉራጌ አገር የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 እንዲህ ያለ ማቆያ ከፍቶ ብዙ ነፍስ አድኗል።

ሐ. የነፍሰ ጡር ጎረቤቶች ውኃዋንና እንጨቷን በተራ ያግዟት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ከወለደች በኋላ ገንፎ ይዞ መጠየቁ ያለና የሚደነቅ ልማድ ነው፤ የሚታሰበው አራት አምስት ወር ቀደም ብሎ መጀመሩ ብቻ ነው።

መ. ሕፃን ለሞተባት እናት የእድሩ ሰዎች ሄደው ያጽናኗት፤ የሞተውም በመዝገባችን በአንድ የተለየ ገጽ ይጻፍ። ስም ባይኖረው የእናቱ ቤት፣ ቀኑና የታወቀ እንደሆነ ምክንያቱ ይበቃል። ገጹ በየዓመቱ ለጤና ጣቢያው ሰዎች ይታይ።

«የቀብር ገንዘብ ለሕያው አይወጣም» የሚሉ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። አሳባቸውን እናከብራለን፤ ደንቡን የሚለውጠውም ጉባኤው እንጂ ኮሚቴው አይደለም። እንዲያው ይህን ብቻ አስቡልን፦ አንዲት እናት በወሊድ ስትሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ልጆቿ ግን ከሦስቱ ቀን በኋላም አሉ። ለቃሬዛና ለአንድ ጉዞ የሚወጣው ከዚያ ሁሉ ያንሳል።

አባላት ሆይ፤ ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትገቡ፣ በቤት ውስጥ ወይም በጎረቤት ነፍሰ ጡር ካለች ሦስት ነገር ጠይቋት። በልተሻል ወይ? ከአጎበር ውስጥ ትተኛለሽ ወይ? ተመርምረሻል ወይ? ለአንዱ «አይ» ካለች ሥራችን ከዚያው ይጀምራል።

ሐሳቡ ለውይይት ቀርቧል። ነፍሰ ጡሮቻችንን በሰላም ይገላግልልን።